አምባሰል ላይ የጃዝ ኮርድ ስንይዝ የትኛውን ኖታ እንተው?

ጦሳ ስር — ደሴ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ። ኪቦርድ የምጫወተው በጆሮ ነው። ኖታ ማንበብ አልተማርኩም። ዘፈን ደጋግሜ ከሰማሁ ዜማውን አወጣዋለሁ፤ ሰርግ ላይም ድምፃዊ አጅባለሁ። አሁን ግን ጃዝ ፒያኖ ልቤን ወስዶታል። ከዩቲዩብ ባለ አራትና ባለ አምስት ኖታ ኮርዶችን ለቃቅሜ ይዣለሁ። ለብቻቸው ስይዛቸው ነፍስ ናቸው።

ነገሩ የሚበላሸው ወደ ራሳችን ዜማ ስመለስ ነው። ትዝታ ላይ ደህና ነው። አምባሰል ላይ ግን ዶ ማይነር ሰባት ብዬ እንደያዝኩ ዜማው ይጠፋል። አብራኝ የምትሠራው ድምፃዊት "ይሄ አምባሰል አይደለም" ብላ ታቆማለች። እውነቷን ነው፤ ለኔም ይሰማኛል። ግን ለምን እንደሆነ መናገር አልችልም። በዚያ ላይ የግራ እጄ ድምፅ ይታፈናል፤ ኮርዱ አይለይም።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ ከኮርዱ ውስጥ የትኛውን ኖታ ይዤ የትኛውን መተው እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ? ሁለተኛ፣ ዜማ በጆሮዬ እየያዝኩ ኮርድ ለምን አይያዝልኝም? የጃዝ ፒያኖ ስሰማ ሁሉም ኖታ ተጣብቆ ነው የሚመጣብኝ።

ኖታዎቹን በዶ ሬ ሚ ጻፉልኝ። ዶ የምለው ሁልጊዜ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለውን ነጭ ቁልፍ ነው።

ቦርከና — ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ከግራ እጅህ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ይስተካከላል። ከመሀለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ (እስከ ታችኛው ዶ ድረስ) ወርደህ ሦስትና አራት ኖታ አጠጋግተህ ከያዝክ የየትኛውም ፒያኖ ድምፅ ይደበላለቃል። ታች ያሉት ድምፆች ሰፊ ክፍተት ይፈልጋሉ። እዚያ ኦክታቭ ወይም አምስተኛ ብቻ ያዝ፤ ዶ እና ሶል ይበቃሉ። ሦስተኛውን ወደ መሀል አምጣው። ቤዝ ተጫዋች አብሮህ ካለ ደግሞ መነሻውን ኖታ ጭራሽ ለሱ ተውለት። እኔ ቤዝ ነው የምጫወተው። ኪቦርዲስቱ ታች ሲወርድብኝ የሁለታችንም ድምፅ አይሰማም።

ወደ ጃዙ ስንመጣ፣ የኮርዱን ማንነት የሚናገሩት ሦስተኛውና ሰባተኛው ናቸው። አምስተኛው ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ነገር የለም፤ መተው ካለብህ ቀድመህ እሱን ተው። ይህን ሞክር፦

ሬ ማይነር ሰባት፦ ፋ እና ዶ
ሶል ሰባት፦ ፋ እና ቲ
ዶ ሜጀር ሰባት፦ ሚ እና ቲ

ከኮርድ ወደ ኮርድ ስትሄድ የሚንቀሳቀሰው አንድ ጣት ብቻ ነው። መጀመሪያ ዶ ወደ ቲ ወረደ፤ ከዚያ ፋ ወደ ሚ ወረደ። ሁለቱም ግማሽ እርምጃ ናቸው፤ ጎን ለጎን ወዳለው ቁልፍ ማለት ነው። እነዚህን በቀኝህ ይዘህ በግራህ ሬ፣ ሶል፣ ዶ እያልክ ቤዙን ንካ። በሦስት ኖታ ሙሉ ጃዝ ይሰማሃል። ይህን ሳትጠግብ ወደ ባለ ዘጠኝና ባለ አስራ ሦስት ኮርዶች አትሂድ።

ሀ ሁ ኪቦርድ — ወልዲያ

ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። ሦስተኛና ሰባተኛ የሚባለው ከየት ተነስቶ ነው የሚቆጠረው?

ቦርከና — ኮምቦልቻ

ከኮርዱ መነሻ። ሬን አንድ ብለህ ቁጠር። ሬ፣ ሚ፣ ፋ፤ ስለዚህ ፋ ሦስተኛ ነው። ዶ ላይ ስትደርስ ሰባት ይሆናል። ኮርዱ ሶል ከሆነ ሶልን አንድ በል፤ ቲ ሦስተኛው፣ ፋ ሰባተኛው ነው። ልብ በል፣ ፋ በሬ ኮርድ ሦስተኛ ነበር፤ በሶል ኮርድ ሰባተኛ ሆነ። ጣትህን ሳታነሳ ሥራው ተቀየረ። ጃዝ ውስጥ ኮርዶች ተያይዘው የሚፈሱት በዚህ ነው።

ማሲንቆ ቤት — ውጫሌ

ልጆች፣ እኔ ማሲንቆ ነው የምጫወተው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ሁሉ ኮርድ አምባሰል ላይ መጫን ለምን አስፈለገ? ማሲንቆ ያላት አንድ ጭራ ናት። በዚያች አንድ ጭራ ሰው ሆዱ ይባባል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስታዜም ድምፅዋ ወጥቶ፣ ተንጠልጥሎ፣ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሰምታችኋል። እዚያ መሀል አራትና አምስት ኖታ ቢገባ ምን ቦታ አለው?

ኪቦርድ ይጥፋ አላልኩም። ሰርግ ቤት ኪቦርድ ከገባ ወዲህ ግን ሁሉም ቅኝት አንድ እየሆነ ነው። ባቲውም ትዝታውም አምባሰሉም ያው ማይነር ኮርድ ይያዝለታል። ልጁን የያዘው ችግር የሱ ብቻ አይደለም።

የማታ ፒያኖ — ደሴ

ጋሼ፣ የሚሉት ይገባኛል። እኔም ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። ግን ቅኝቱን ያበላሸው ኮርድ መያዙ ብቻ አይመስለኝም። ከቅኝቱ ውጭ ያሉ ኖታዎች መግባታቸው ነው።

ጦሳ ስር፣ እስቲ አብረን እንቁጠር። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ፍላት ማለት ግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለው ነው። አንተ የያዝከው ዶ ማይነር ሰባት ደግሞ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ቲ ፍላት ነው። ከአራቱ ሁለቱ የአምባሰል አይደሉም። የሚያፈርሰው በተለይ ሚ ፍላት ነው። አምባሰል ሚ የለውም። ነጩም የለም፣ ፍላቱም የለም። ዜማው ከሬ ፍላት ተነስቶ በቀጥታ ፋ ላይ ይወጣል። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ያ ዝላይ ነው። ሚ ፍላት እዚያ መሀል ሲገባ ዝላዩ ይጠፋል። ድምፃዊቷ የሰማችው ይህንን ነው።

ቦርከና የጻፈው ትክክል ነው፤ ለጃዝ ዜማ ሦስተኛውን ይያዙ ይባላል። አምባሰል ላይ ግን ሦስተኛ የሚባል ኖታ የለም። የሌለውን ፈልጎ ማስገባት አያስፈልግም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ለብቻቸው አወጣለሁ። ከዚያ ኮርዱን ከእነሱ ብቻ እሰበስባለሁ። ክራር የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ክራር በቅኝቱ ከተቃኘ በኋላ ሲገረፍ ከቅኝቱ ውጭ የሚወጣ ድምፅ የለውም። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለገውን ጅማት ያፍናሉ። የትኛው ይሰማ፣ የትኛው ይታፈን የሚለው ምርጫ ጃዞቹ ቮይሲንግ ከሚሉት ጋር አንድ ሥራ ነው። እኛ ቤት ድሮም ነበረ።

ለአምባሰል ሁለት አያያዝ ልስጥህ። በሁለቱም ግራ እጅህ ታች ዶ እና ሶል ይይዛል።

ማረፊያው፦ ቀኝ እጅ ዶ፣ ፋ፣ ሶል
መነሻው (ከማረፊያው ተነስተን የምንሄድበት)፦ ቀኝ እጅ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት

ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ፋ ባለበት ይቆያል። ዶ ወደ ሬ ፍላት፣ ሶል ወደ ላ ፍላት ግማሽ እርምጃ ይወጣሉ። ስትመለስ ይወርዳሉ። አምስቱም ኖታዎች እዚህ ውስጥ አሉ፤ ስድስተኛ አልገባም። ከማረፊያው አትቸኩል። ብዙውን ጊዜ እዚያው ሁን። ሁለተኛውን ዜማው ራሱ ወደዚያ ሲያዘነብል ብቻ ንካው።

ጦሳ ስር — ደሴ

እህቴ፣ እጅሽን ይባርከው። አሁኑኑ ሞከርኩት። ዜማው ቆመ! ድምፃዊቷ እስክትሰማው ቸኩያለሁ።

ትዝታ ላይስ? እዚያ ላይ የያዝኩት ዶ ሜጀር ሰባት ብዙ አይረብሽም፤ ግን ጃዝ ጃዝ የሚል ነገር የለውም።

የማታ ፒያኖ — ደሴ

ዶ ሜጀር ሰባት ቲ አለው። ትዝታ ሜጀር ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ቲ የለውም። ዜማው ዶ ላይ ሲያርፍና አንተ ከሥር ቲን ስትይዝ ሁለቱ ይፋጫሉ። እሷን አውጣት።

አሁን የምነግርህን በጣም እወደዋለሁ። አምስቱን የትዝታ ኖታዎች በአራተኛ በአራተኛ ደርድራቸው፤ አንዱን አንድ ብለህ ስትቆጥር ቀጣዩ አራተኛ ይሆናል። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ። ሚ ከመሀለኛው ዶ በታች ያለው ይሁን። ሁለቱን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ ያዝ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ነው። ሙሉ ትዝታ በአንድ ጊዜ መጫን ወጣ። ፒያኒስቱ ማኮይ ታይነር ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ጋር በነበረበት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስለመደን የአራተኛ ድርድር በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

ሌላም አለ። ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ከትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር ሲቀዳ የያዘው በጣም የታወቀ ኮርድ አለ። ከታች ወደ ላይ ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ላ ነው። ሦስት ጊዜ የአራተኛ ርቀት፣ ከላይ አንድ የሜጀር ሦስተኛ ርቀት። የጃዝ ተማሪ ሁሉ ያንን ኮርድ ያጠናል። አሁን ኖታዎቹን በተርታ አስቀምጣቸው፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ። ከፋ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ነው! አንድም ኖታ አልጎደለም፣ አንድም አልበዛም። ቤዙ ሬ ስለሆነ ትዝታ አይመስልም እንጂ ኖታዎቹ እነዚያው ናቸው። ቤዙን ፋ አድርገውና ስማው።

ሀ ሁ ኪቦርድ — ወልዲያ

ይሄንን በፋ ቤዝ ሞከርኩት። ብዙ ሰዓት አልተነሳሁም። አመሰግናለሁ።

ቦርከና — ኮምቦልቻ

የማታ ፒያኖ እዚህ ጋ ትልቅ ነገር ተናግራለች፤ እንዳያልፋችሁ። ኖታዎቹ አንድ ሆነው ቤዙ ሲቀየር ቅኝቱ ይቀየራል። ባቲ ማይነርን እዩ። ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ቲ ፍላት ነው። ከሚ ፍላት የተነሳ ትዝታ ሜጀርም እነዚሁ አምስት ኖታዎች ናቸው። አምባሰል ከዶ ደግሞ ከፋ ከተነሳ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። ለዚህ ነው ሰርግ ቤት ቅኝት የሚደባለቀው። ኪቦርዲስቱ ቤዙን የተሳሳተ ቦታ ላይ ካሳረፈ ድምፃዊው አምባሰል እየዘፈነ ጀርባው ትዝታ ማይነር ይሆንበታል። ስለዚህ ከኮርዱ በፊት ዜማው የሚያርፍባትን አንዲት ኖታ አውቃችሁ ያዙ። እሷን ቤዝ አድርጉ። ከላይ ያለው ያኔ ነው ትርጉም የሚኖረው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሰርግ ተጫዋቾች። የኪቦርዱን ስታይል (ማሽኑ ራሱ የሚያጅበውን) አብርታችሁ በአንድ ጣት ኮርድ ስትይዙ ማሽኑ ራሱ ሜጀር ኮርድ ይሠራል። ሚን ያስገባል። እናንተ ሳትነኩት አምባሰል ውስጥ ሚ ገባ ማለት ነው። ከስታይሉ ከበሮውን ብቻ አስቀሩ፤ ቤዙንና ኮርዱን ዝጉት። ቤዙን በእጃችሁ ተጫወቱ።

ጦሳ ስር — ደሴ

ስታይሉ! ሁልጊዜ በአንድ ጣት ነው የምሠራው። ዛሬ ማታ እዘጋዋለሁ።

ባቲ ሜጀርና አንቺ ሆዬስ? አንቺ ሆዬ ላይ ምንም ኮርድ አይገጥምልኝም። የነካሁት ሁሉ ይጣላል።

ቦርከና — ኮምቦልቻ

ባቲ ሜጀርን ልውሰድ። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ቲ። እዚህ የሚያስቸግሩት ሚ እና ፋ ናቸው። ግማሽ እርምጃ ነው የሚለያያቸው። ሚን ከታች ይዘህ ዜማው ከላይ ፋ ሲል በጣም ይሻክራል። ፋን ከታች አድርገህ ዜማው ከላይ ሚ ሲል ግን ለስላሳ ይሆናል። ያው ሁለት ኖታ ነው፤ የሚለየው ማን ከላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ ዜማው ፋ ላይ ሲቆይ ዶ እና ሶልን ብቻ ያዝ። ሚ ላይ ሲመጣ ፋን ከሥሩ ልታስገባለት ትችላለህ። ቲ ሁልጊዜም መሀል ላይ ታምራለች።

አንቺ ሆዬን ለእህታችን ትቻለሁ።

የማታ ፒያኖ — ደሴ

አንቺ ሆዬ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። የነካኸው ሁሉ የተጣላብህ ሶል ስለሌለው ነው። ከማረፊያው አምስተኛ ላይ የሚቆም ኖታ የለም። እኛ ደግሞ እጃችን ዶ እና ሶል ላይ ይሄዳል። እዚህ ግራ እጅህ ዶን ብቻ ይያዝ፤ ቢበዛ በኦክታቭ።

በቀኝህ ፋ፣ ላ፣ ዶ ያዝ። ፋ ሜጀር ነው፤ የለመድከው። ከዚያ ላ ሳይነሳ ፋን ወደ ሶል ፍላት፣ ዶን ወደ ሬ ፍላት አውጣ። ሶል ፍላት፣ ላ፣ ሬ ፍላት ሆነ፤ ፋ ሻርፕ ማይነር የምትሉት ማለት ነው፤ ሶል ፍላትና ፋ ሻርፕ አንድ ቁልፍ ናቸው። በጃዝ ሕግ ፋ ሜጀርና ፋ ሻርፕ ማይነር አብረው የሚሄዱ አይመስሉም። አንቺ ሆዬ ውስጥ ግን ሁለቱም አሉ፤ አምስቱን ኖታ ተካፍለው ነው የያዙት። አምባሰሉ ላይም የሆነው ይኸው ነበር። የመሀሉ ጣት ይቆያል፣ ዳርና ዳሩ ግማሽ እርምጃ ይወጣል። ቀስ ብለህ አመላልሰው። ይህን ያገኘሁ ዕለት ሰው ሁሉ መጥቶ እንዲሰማው ነበር የፈለግኩት።

ቦርከና — ኮምቦልቻ

በጣም ቆንጆ ነው። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ከአምስቱ ኖታ አትውጡ የሚለው ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ለሁልጊዜ ግን ያጠባል። ሙላቱ አስታጥቄ አሜሪካ በርክሊ ተምሮ የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር ሲያገናኝ ከዜማው ሥር ሌሎች ኖታዎችም እንዲገቡ አድርጓል። ኢትዮ ጃዝ የተባለው እሱ ነው። ቁም ነገሩ የትኛው እንግዳ ኖታ የት ይግባ የሚለው ነው።

ለምሳሌ አምባሰል ላይ ቲ ፍላት ማይነርን ሞክሩ። ቲ ፍላት፣ ሬ ፍላት፣ ፋ ነው። እንግዳው ቲ ፍላት ብቻ ነው፤ ሁለቱ የቤቱ ናቸው። ዜማው ሬ ፍላት ላይ ቆይቶ ወደ ዶ ሊወርድ ሲል ከሥር ብታስገቡት መውረዱን ይገፋዋል። ሚ ግን አይገባም፤ በዚህ ከእህታችን ጋር ነኝ። በተረፈ የሙላቱን ቫይብራፎን አድምጡ። መሣሪያው በእጅ በተያዙ መምቻዎች ነው የሚመታው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት፣ ቢበዛ በአራት። ብዙ ኖታ አንድ ላይ አይወጣም። ጥቂት መምረጥ ግዴታ ነው። ፒያኖ ላይ አስር ጣት ስላለን ይህን እንረሳለን።

የማታ ፒያኖ — ደሴ

ቲ ፍላት ማይነር ድምፃዊው ዝም ባለበት፣ መሣሪያ ብቻ ሲቀር እሺ። ድምፃዊ እየዘፈነ ግን አላስገባውም። ሬ ፍላት ያለ ምንም ደጋፊ ተንጠልጥላ ስትቆይ ነው ሆድ የምትበላው። ከሥሯ ኮርድ ሲገባ ወዴት እንደምትወርድ ቀድሞ ይነገርባታል።

ማሲንቆ ቤት — ውጫሌ

ይህን ስላልሽ ደስ ብሎኛል ልጄ። እኔም ልጨምር። ማሲንቆ ላይ ሬ ፍላት የምትሉትን ኖታ ጣቴን በአንድ ቦታ ተክዬ አልይዘውም። ትንሽ አንሸራትታለሁ። ድምፃዊውም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዴ ዝቅ ያደርገዋል፣ ወደ ዶው ያስጠጋዋል። ኪቦርድ ግን የተሠራለት ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ሁለታችን አንድ ላይ ስንለው ይፋጫል። ስለዚህ ኮርድ ያዙ፤ ግን ያቺን ኖታ ለድምፃዊውና ለማሲንቆው ተዉልን። ዶ፣ ፋ፣ ሶል ያልሽውን ማረፊያ ይዞ ዝም ቢል እኔ ከላይ የፈለግኩትን እላለሁ። እንዲህ ከሆነ ከኪቦርድ ጋር መጫወት አልጠላም።

ጦሳ ስር — ደሴ

ጋሼ፣ ይህን ልብ ብዬ ይዣለሁ። ድምፃዊቷ ሬ ፍላት ላይ ስትሆን ከማረፊያው አልነሳም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቀረ። ኮርድ በጆሮ የምትለዩት እንዴት ነው?

ሐይቅ ዳር — ሐይቅ

እስካሁን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። ይህ ግን የኔ ጉዳይ ነው።

ያደግኩት መንዙማ ውስጥ ነው። አውጪው ይላል፤ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ድቤ ይመታል። ወረቀት የለም። ልጅ ሆነን የተሳሳተ ከመለስን ጎናችን ያለው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስተካክለን ነበር። ከዚያ የቀረልኝ ትምህርት ጆሮ የሚሠለጥነው በጉሮሮ መሆኑ ነው። ያላዜምከውን ኖታ አልሰማኸውም። ጦሳ ስር፣ ዜማ የሚያዝልህ ስለምታንጎራጉረው ነው። ኮርድ የማይያዝልህ አንጎራጉረኸው ስለማታውቅ ነው። ስለዚህ አብሽር፤ ጆሮህ ደህና ነው።

እንዲህ አድርግ። ፒያኖህ ላይ ሦስት ኖታ ያዝ። ፋ፣ ላ፣ ዶ ይሁን። ድምፁ ሳይጠፋ ከታች ጀምረህ አንድ በአንድ አዚማቸው። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች። ቀጥሎ መጀመሪያ የመሀሉን። የመሀሉ ከባድ ነው፤ ሁሉም ሰው እዚያ ይያዛል። ላን ከፋ እና ከዶ መሀል ነጥለህ ማውጣት ስትችል ኮርድ መስማት ጀምረሃል። ከዚያ ላን ወደ ላ ፍላት አውርድና ድገም። ልዩነቱን በጣትህ ሳይሆን በጉሮሮህ እወቀው።

ከቅጂ ስታወጣ ሙሉ ሙዚቃ አትያዝ። አራት ባር (አራት የምት ክፍል) ይበቃሃል። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም ወደ 0.5 አውርደው። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከተል። ፒያኖ አትንካ፤ ቤዙን አንጎራጉር። ሲገባህ ንካውና አረጋግጥ። ቀጥሎ የፒያኖውን የላይኛ ኖታ ፈልግ። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ይሰማል፤ ለጆሮ ቅርብ ነው። ታችና ላዩ ከተገኙ መሀሉ ላይ የሚቀሩት ምርጫዎች ጥቂት ናቸው። ሦስተኛው ሜጀር ነው ማይነር? ሁለቱንም ከቅጂው ጋር እያመሳከርክ ሞክር፤ አንደኛው ይገጥማል። ቀጥሎ ሰባተኛውን እንዲሁ። ቦርከና የነገረህ ሁለት ኖታዎች ለዚህም ይጠቅማሉ። ስትይዛቸው የኖርካቸውን ኖታዎች ከሌላ ሰው ኮርድ ውስጥ ትለያቸዋለህ።

ስለ ቢል ኢቫንስ ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በግራ እጁ ብዙ ጊዜ መነሻውን ኖታ አይዝም፤ ለቤዙ ትቶታል። ለሬ ማይነር ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ፤ ለሶል ፋ፣ ላ፣ ቲ፣ ሚ፤ ለዶ ሚ፣ ሶል፣ ቲ፣ ሬ። ይህን ካላወቅህ ከቅጂ ስታወጣ ፋ ሜጀር ሰባት የያዘ ይመስልሃል። ቤዙን ስማ፤ ቤዙ ሬ ካለ ኮርዱ ሬ ነው። ቤዙን አስቀድም ያልኩህ ለዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አይቆምም። እንዲያውም ያኔ ይሻላል። ሬ ማይነር፣ ሶል፣ ዶ እያልክ የላይኛውን ፋ፣ ፋ፣ ሚ አዚም። ቀጥለህ ዶ፣ ቲ፣ ቲ። በጨለማ ሁለቱንም መስመር ካወቅሃቸው ኪቦርዱ ሲበራ ጣትህ ራሱ ያገኛቸዋል።

ኖታ አላነብም ብለህ ደግሞ አትጨነቅ። ኤሮል ጋርነር ኖታ ማንበብ ሳይችል ከትልልቆቹ የጃዝ ፒያኒስቶች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ማንበብ ብትማር ግን ይጠቅምሃል፤ የሌላ ሰው ሥራ ቶሎ ይደርስሃል። ጆሮው ይቅደም፣ ንባቡ ይከተል።

ጦሳ ስር — ደሴ

ከላና ከላ ፍላቱ እጀምራለሁ። አላህ ይስጥህ ወንድሜ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ድምፃዊቷ ከዶ አትዘፍንም፤ አንዳንዴ ከሬ፣ አንዳንዴ ከሶል ነው። ትራንስፖዝ (የኪቦርዱን ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) ልጠቀም ወይስ በየኪዩ፣ በየመነሻ ኖታው ልለማመድ?

ቦርከና — ኮምቦልቻ

ሥራ ላይ ተጠቀምበት፤ ሰው እየጠበቀ መፈተን የለብህም። ቤት ግን ዝጋው። ትራንስፖዝ በርቶ ስታጠና ጣትህ ዶ ይላል፣ ጆሮህ ሬ ይሰማል። ጆሮህን ታደናግረዋለህ።

የማታ ፒያኖ — ደሴ

አምባሰልን በሁለቱ ኪይ ልጻፍልህ።

ከሬ፦ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ ፍላት። ማረፊያው ሬ፣ ሶል፣ ላ፤ መነሻው ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ቲ ፍላት።

ከሶል፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። ማረፊያው ሶል፣ ዶ፣ ሬ፤ መነሻው ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሚ ፍላት።

ቤዙን እንደ ኪዩ ቀይር፤ ከሬ ሲሆን ሬ እና ላ፣ ከሶል ሲሆን ሶል እና ሬ።

ሀ ሁ ኪቦርድ — ወልዲያ

ለኔ ለጀማሪውስ? ጥቁሮቹ ላይ ጣቴ ገና አልለመደም።

የማታ ፒያኖ — ደሴ

ከሚ ጀምር። አምባሰል ከሚ ሲነሳ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ቲ፣ ዶ ነው፤ ሁሉም ነጭ። ማረፊያው ሚ፣ ላ፣ ቲ። መነሻው ፋ፣ ላ፣ ዶ። ግራ እጅህ ታች ሚ እና ቲ ይይዛል። ሬ እና ሶልን እንዳትነካ። ትዝታ ሜጀርን ደግሞ በጥቁሮቹ ብቻ ከፋ ሻርፕ ሞክረው፤ አምስቱም ጥቁር ቁልፎች ትዝታ ናቸው። ሲገቡልህ ቀድተህ እዚሁ ለጥፈው፤ እሰማዋለሁ።